አፍ ብቻ ሳይሆን ጆሮም ይሁኑልን

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ አበው። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ አስተዳደር ተረቱን ባይሰማም ምክሩን ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ መሠረት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው (ከሁለቱ አነስተኛው) የሚናገረው ቋንቋ ካለ፣ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ መተርጎም ይኖርበታል። አማርኛችንም በዚሁ ሕግ የመንግሥት ቅጽ ላይ ለመውጣት በቃ። በ2006 ደግሞ በከንቲባው ሥር የአፍሪካውያን ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ።

በዚህ በር ገብተው በሕዝብ ግንኙነትና በማኅበረሰብ አገናኝነት ሙያ የተሰማሩ ወገኖቻችንን ስናይ ደስ ይለናል። ሆኖም አንድ ሥጋት አለን።

ይህን ሙያ ከአገር ቤት እናውቀዋለን። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በሠራንባቸው ዓመታት የሕዝብ ግንኙነት ማለት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መግለጫ ነበር። ማኅተም አርፎበት ይመጣል፤ እኛም ሥርዓተ ነጥቡን አስተካክለን እናትመዋለን። መንደሩ «ውኃ የለንም» ቢል ድምፁ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል አልነበረም። ከደሙ ንጹሕ ነን አንልም።

ሥጋታችን ያ ልማድ ባሕር ተሻግሮ እንዳይከተለን ነው። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2008 የታክሲ ሂሳብን ከዞን ወደ ሜትር ከመለወጡ በፊት ሾፌሮች በ2007 ሥራ አቁመው ተቃውመው ነበር፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ በመካከል የሚቆም ባለሙያ አዲሱን ደንብ በአማርኛ አባዝቶ ማደሉ ብቻ አይበቃም። ሾፌሩ ለነዳጅና ለኢንሹራንስ ከፍሎ ስንት ይዞ ቤቱ እንደሚገባ፣ ደንቡ ሳይጸድቅ ከከንቲባው ጠረጴዛ ማድረስ አለበት። በበዓላችን ቀን ባለሥልጣን ጋብዞ፣ ዳቦ አስቆርሶ ፎቶግራፍ ማስነሳት ሥራ የተሠራ ያስመስላል እንጂ ሥራ አይደለም።

ጥፋቱ ግን የባለሙያው ብቻ አይደለም። እኛም አንድ ወገናችን ቢሮ ሲገባ ወይ «ጉዳዬን ጨርስልኝ» ብለን እናስጨንቀዋለን፤ ወይ «የእነሱ ሰው ሆነ» ብለን እናማዋለን። ከዚህ ይልቅ አስተርጓሚ ስንከለከል፣ ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሰጠን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፈን አቤቱታችንን እናስጨብጠው። ባዶ እጁን ገብቶ የሚከራከርልን የለም።

ጊዜውም ያስገድደናል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ በሚገባ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲያመቻቹ የሚያዘው ትእዛዝ፣ ማርች 1 ቀን 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ ተሽሯል። የከተማው ሕግ ከዚያ የተለየ ነው። ነገር ግን በየትኛውም ደረጃ ቢጻፍ፣ ጠያቂ ያጣ መብት እንዳልታረሰ ማሳ ሰርዶ ይውጠዋል። በቢሮ ያላችሁ ስሙን፤ በውጭ ያለንም እንናገር እንላለን።