ጆንያውን እንካፈል



የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ እኛ የላፍቶ ሰዎች ለጅምላው ገበያ ጎረቤት ሆነናል። ዳሩ ግን ቅርበት ብቻውን አይበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ኑሮው ይበልጥ ከብዷል። በዕለት ገቢ የምታድር እናት ሽንኩርቷን በጆንያ ሳይሆን ከጉሊት በመደብ ትገዛለች፤ በኪሎ ሲሰላ አብልጣ የምትከፍለው እርሷ ናት። የሰፈሩን ሱቅ የማትተወውም ዱቤ ስለሚሰጣት ነው።

ታዲያ አምስት ጎረቤታሞች አንድ ጆንያ ብንካፈል፣ የእርሷን ድርሻም ደመወዝ ያለን በቀርድ ሐሰን ብንከፍልላት ምን ይከብደናል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለማስወደድ ብሎ ማከማቸትን ከልክለዋል፤ ጎረቤቱ ተርቦ ጠግቦ የሚያድርንም ነቅፈዋል።

አላህ በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን። አሚን።