አጥር የሌለው ሰማይ፤ አጥር ያለው ጓሮ

ባለፈው ሳምንት ከራት በኋላ በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ነገሩ የተጀመረው አንዱ ጓደኛችን በስልኩ ባሳየን ፊልም ነው። በባሕር ማዶ አንድ ሰው ከአይሮፕላን ይዘላል፤ ፓራሹቱን ይዘረጋል፤ በቤቶች ጣራና በኤሌክትሪክ ሽቦ መካከል ሾልኮ ከአንድ ግቢ ሣር ላይ ያርፋል። የሳይንስ ፋኩልቲው ወንድማችን አጨበጨበ። የሕግ ተማሪው «ፈቃድ ነበረው?» ሲል ጠየቀ። ከጥግ አልጋ ላይ የተጋደመው ሦስተኛው ጓደኛችን ግን «ግቢው የማን ነው?» አለ። እኛም ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ስለዚህች ሦስተኛዋ ጥያቄ ነው።

አንዳንድ አንባብያን «ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ከአይሮፕላን መዝለል የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ብለው ገጹን ሊያልፉት ይችሉ ይሆናል። እንዲያልፉት አንፈልግም፤ ነገሩ የዝላይ ብቻ አይደለምና። ከላይ ያለ ሰው የልቡን ሲያደርግ ከታች ያለው ሰው ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም? ይህ ጥያቄ ከዚህ ይልቅ ገሃድ ሆኖ የሚታይበት ቦታ አናውቅም። ላይና ታች ማለት እዚህ ላይ ምሳሌ አይደለም፤ እውነተኛው ላይና ታች ነው።

በመጀመሪያ የዘላዮቹን ወገን ክርክር በቅንነት እናቅርብ። ሰማይ አጥር የለውም ይላሉ። ሕይወቴ የራሴ ናት፤ ብሰበር የምሰበረው እኔ ነኝ ይላሉ። ደግሞም የዛሬው ፓራሹት እንደ ድሮው ክብ ፓራሹት ነፋስ ወደ ወሰደው የሚሄድ አይደለም፤ እንደ ክንፍ የተሠራ ስለሆነ ዘላዩ በገመድ እየመራ ከፈለገበት ያርፋል፤ ስለዚህ ለሰው ሰፈር የሚያሰጋ ነገር የለም ይላሉ። ስለ ፓራሹቱ የተናገሩት እውነት ነው። የሠለጠነ ሰው በስታዲየም መካከል ከተዘጋጀለት ምልክት ላይ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

ነገር ግን እውነቱ በዚህ አያበቃም። ዘላዩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ይዘላል፤ ፓራሹቱን እስኪዘረጋ ድረስም በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ያህል እየፈጠነ ይወርዳል። ዋናው ፓራሹት ከተበላሸበት ፈትቶ ይጥለውና መጠባበቂያውን ይከፍታል። የአሜሪካ ደንብ እያንዳንዱ ዘላይ ዋናና መጠባበቂያ ሁለት ፓራሹት እንዲይዝ የሚያስገድደው ብልሽት የሚደርስ ነገር ስለሆነ ነው። እንግዲህ ተፈትቶ የተጣለው ፓራሹት የት ይወድቃል? በሜዳ ከሆነ ከሣር ላይ ይወድቃል። በሰፈር ከሆነ ግን ከመኪና መንገድ፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ፤ ወይም በደጅዋ ልብስ ከምታሰጣ እናት ላይ ሊወድቅ ይችላል። የዘላዩ ሕይወት የራሱ ናት ብለናል፤ የእርስዋም ሕይወት የራስዋ ናት። እርሱ አደጋውን መርጦ ነው የዘለለው፤ እርስዋ አልመረጠችም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሕግም የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ይህ ስፖርት እጅግ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ ከሆነችው ከአሜሪካ እንነሣ። የዚያ አገር ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር የፓራሹት ዝላይን የሚገዛበት ደንብ ክፍል 105 ይባላል። በከተማም ሆነ በመንደር ሰውና ቤት በተጨናነቀበት ቦታ ላይ፤ እንዲሁም ሕዝብ በአደባባይ በተሰበሰበበት ላይ፤ ያለ አስተዳደሩ የፈቃድ ወረቀት መዝለል ክልክል ነው። ክልከላው ዘላዩን ብቻ ሳይሆን አሳፍሮ የሚወስደውን ፓይለትም ይመለከታል። ፓራሹቱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ በሚገባ የሚሠራና ከፍታውም አደጋ የማያመጣ ከሆነ ግን በሰፈሩ አናት ላይ ተንሳፎ ማለፍ ተፈቅዷል። ከዚህም ሌላ፤ ቦታው የትም ይሁን የት፤ በምድር ባለ ሰው ወይም ንብረት ላይ አደጋ የሚፈጥር ዝላይ ጨርሶ የተከለከለ ነው።

ስለዚህ የሕግ ተማሪው ጓደኛችን የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። ያለ ፈቃድ ከሆነ ሕገ ወጥ ነው፤ በፈቃድ ከሆነ ሕጋዊ ነው። ይሁን እንጂ ደንቡ «የተጨናነቀ» ማለት ስንት ቤት፤ ስንት ሰው እንደሆነ በቁጥር አይናገርም። እንደ ሁኔታው በየጊዜው የሚወሰን ነገር ነው። ከከተማው ዳር ያለ፤ ቤቱ ተራርቆ የተሠራ መንደር የተጨናነቀ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ የሚመጣው ከባለሥልጣኑ ነው እንጂ ከመንደርተኛው አይደለም።

ዳኞች ይህን የመሰለ ጉዳይ ማየት የጀመሩት ገና አይሮፕላን ሳይፈጠር ነው። በ1822 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የኒውዮርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጊልና በስዋን መካከል የተነሣውን ክርክር ፈረደ። ጊል በአየር ፊኛ ወደ ሰማይ ወጥቶ ሲመለስ ያረፈው ከስዋን የአትክልት ቦታ ላይ ነበር። ፊኛው የስዋንን ድንች እየጠራረገ ተጎተተ። ጊል እርዱኝ ብሎ ተጣራ። ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው አጥሩን ጥሶ ገባና፤ ገሚሱ ለመርዳት፤ ገሚሱ ለማየት ሲሻማ አትክልቱንና አበባውን ረጋገጠው። ጊል በፊኛው ያጠፋው 15 ዶላር ያህል ነበር፤ ጠቅላላው ጉዳት ግን 90 ዶላር ደረሰ። ጊል ሕዝቡ ላጠፋው አልጠየቅም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን በፊኛ መውጣት በራሱ ሕገ ወጥ አለመሆኑን ተቀብሎ፤ ከሰው ጓሮ የወረደ ሰው ግርግር እንደሚያስነሣ ማወቅ ነበረበትና ሁሉንም ይክፈል ሲል ፈረደበት።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ አባቶቻችን። ጊል ስዋንን ልናቅ ብሎ አልተነሣም ይሆናል። ቢሆንም አጥሩ ፈርሷል፤ ድንቹም ጠፍቷል። የዳኞቹም ጥያቄ አሳብህ ምን ነበር የሚል አልነበረም፤ ያመጣኸው ምንድን ነው የሚል ነበር።

በሌላ በኩል፤ የመሬት ባለቤት ከጓሮው ጀምሮ እስከ ሰማየ ሰማያት ድረስ የእኔ ነው ሊል ይችላልን? አይችልም። ይህን የቆረጠው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1946 በኮዝቢ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ነው። ኮዝቢ በኖርዝ ካሮላይና በግሪንስቦሮ አጠገብ ዶሮ አርቢ ነበር። የጦር አይሮፕላኖች በአቅራቢያው ካለው ማረፊያ ሲነሡና ሲያርፉ ከቤቱ በላይ በ20 ሜትር ከፍታ ብቻ ያልፉ ነበር። ዶሮዎቹ በድንጋጤ ከግድግዳ ጋር እየተላተሙ እስከ 150 የሚደርሱ ሞቱበት፤ ቤተ ሰቡ እንቅልፍ አጣ፤ የዶሮ እርባታውንም ተወው። ፍርድ ቤቱ፤ ሰማዩ ሁሉ የመሬት ባለቤት ነው የሚለው የጥንት ሕግ በዛሬው ዓለም ቦታ የለውም አለ። ነገር ግን ባለመሬቱ ለኑሮው ከሚያስፈልገው አየር ላይ መብት አለው፤ እንዲህ ዝቅ ብሎና ደጋግሞ መብረር መሬቱን ከመውሰድ አይለይም ሲል ጨመረ። እንግዲህ ከፍ ያለው ሰማይ የሁሉ ነው፤ ከጣራችን አጠገብ ያለው ግን የእኛ ነው ማለት ነው። በሰፈር ውስጥ የሚያርፍ ዘላይ የሁሉ ከሆነው ተነሥቶ የአንድ ሰው ወደ ሆነው የሚወርድ ነው።

«መንገዱ ባዶ ከሆነስ?» የሚል አይጠፋም። መስከረም 30 ቀን 2013 ሦስት ሰዎች በኒውዮርክ ገና በመሠራት ላይ ከነበረው ከአዲሱ የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃ አናት ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በፓራሹት ዘለሉ። ከአይሮፕላን ሳይሆን ከሕንፃ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። ከተማው ተኝቶ ነበር፤ የሞተም ሰው የለም። በ2015 ጉዳዩን የሰሙት የሕዝብ ዳኞች ከከባዱ የስርቆሽ መግባት ክስ ነፃ አወጧቸው፤ የሰው ሕይወት ለአደጋ በማጋለጥ ግን ጥፋተኞች ናቸው አሏቸው። እኛ ይህ ፍርድ ሚዛኑን የጠበቀ ይመስለናል። ደፋርን ሌባ አላለውም፤ ንጹሕም አላለውም።

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን እንመለስ። ሚያዝያ 20 ቀን 2022 ጎልደን ናይትስ በመባል የታወቁት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የፓራሹት ዘላዮች በዋሺንግተን ከተማ በሚገኘው የቤዝቦል ስታዲየም ውስጥ ለትርኢት ወረዱ። የያዛቸው አይሮፕላን በከተማው ላይ ሲያንዣብብ የምክር ቤቱ ፖሊስ አደጋ የመጣ መስሎት ካፒቶልን በሙሉ ሰው እንዲወጣ አደረገ። በኋላ እንደ ታወቀው፤ የአቪዬሽኑ አስተዳደር ዝላዩን አስቀድሞ ለፖሊሱ አልነገረም ነበር። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ በብርቱ ቃል ነቀፉ፤ አስተዳደሩም መጸጸቱን ገለጸ፤ ምርመራ ተደረገ።

መልካም ነው። ሳይነገራቸው ከራሳቸው በላይ አይሮፕላን ስለ ዞረባቸው መቆጣታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን እንጠይቅ። ያው አይሮፕላን ከአንድ ተራ ሰፈር በላይ ቢያንዣብብ፤ አሮጊቷ ደንግጠው ከቤታቸው ቢወጡ፤ ሕፃናት ቢጮኹ፤ የሚጸጸትላቸው መሥሪያ ቤት ይኖር ነበርን? ከዝላይ በፊት ለአየር ትራፊክ መሥሪያ ቤት እንዲነገር ደንቡ የሚዘረዝራቸውን መረጃዎች ተመልክተናል፤ ቀኑና ሰዓቱ፤ የሚዘለልበት ቦታ ስፋት፤ ከፍታው፤ የአይሮፕላኑ ቁጥር፤ የአመልካቹ ስምና አድራሻ ይጠየቃል። «ለነዋሪው ተነግሯልን?» የሚል ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለሰማዩ ሹማምንት ይነገራል፤ ለምድሩ ባለቤት አይነገርም።

ስለዚህ ዝላይ ይከልከል የሚል አሳብ የለንም። ድፍረት የሰው ልጅ ጌጥ ነው። በ2016 በካሊፎርንያ አንድ ዘላይ 7,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ፓራሹት ዘሎ አስቀድሞ ከተዘረጋለት መረብ ላይ በደኅና ወርዷል። ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት የለም፤ ቢሆንም የማንንም ጣራ አልተዋሰም። የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፤ በሰፈር ለመውረድ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የሰፈሩ ሰው ይነገረው፤ አሳቡንም ይስጥ። ሁለተኛ፤ በ1822 እንደ ተፈረደው፤ ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ፤ ሕዝቡ ላስከተለውም ጭምር፤ ከላይ የወረደው ይክፈል። ሦስተኛ፤ ቤት ያለበት ቦታ ሁሉ፤ ብዙም ይሁን ጥቂት፤ የሰው መኖሪያ ተብሎ ይቈጠር። ብቻውን የቆመ ጎጆ ውስጥ ያለው ሰው፤ ጎረቤት ስለሌለው ነፍሱ አልቀለለችም።

የተከበራችሁ ጓዶች፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ፈቃድ የሚሰጡ ይሆናሉ። ፈቃዱ የዝላይ ላይሆን ይችላል፤ የመንገድ፤ የፋብሪካ፤ የግድብ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻውን ይዞ የሚገባው ሰው ሁልጊዜ ከላይ የመጣ ነው፤ ወረቀቱም የተሟላ ነው። ጓሮው የሚረገጥበት ሰው ግን ከቢሮው ውጭ ነው፤ ስሙም በወረቀቱ ላይ የለም። ማኅተሙን ከማሳረፋችን በፊት ከጥግ አልጋ ላይ የተጋደመው ጓደኛችን የጠየቃትን ጥያቄ እናስታውስ።

ግቢው የማን ነው?