ንግሥቲቱን የሸኘው ሰልፍና የእኛ ቀብሮች



የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ስኮትላንድ ውስጥ ባልሞራል በሚባለው ቤታቸው አረፉ። እኛ አዲስ ዓመት ብለን ዶሮ ባረድንበት ዕለት አስከሬናቸው በመኪና ወደ ኤድንበራ ተጓዘ። ከዚያ እስከ መስከረም 9 ድረስ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ለቅሶ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። በእኛም ጉባኤ ከእሁድ አምልኮ በኋላ ሻይ ይዘን ስንቆም ወሬው ይኸው ነበር። ያን ጊዜ የሰማነውን አስተያየት ብዙም ሳናስብበት አለፍነው። ሰሞኑን ግን በራሳችን ደጃፍ የሆነ ነገር ስላለ ተመልሰን ልናነሣው ወደድን።

መጀመሪያ የተነሣው የገንዘብ ነገር ነበር። አንድ ወጣት ወንድማችን፣ "ፓስተር፣ አንዲት አሮጊት ለመቅበር ይህ ሁሉ ጦር፣ ይህ ሁሉ ፈረስ ምን ያደርጋል? ድሆቻቸው በዚህ ክረምት ቤታቸውን የሚያሞቁበት የላቸውም ይባላል" አለን። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ጥያቄው የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ በእንግሊዝም ብዙዎች የጠየቁት ነው። በዚያ ዓመት የጋዝና የመብራት ዋጋ ንሮባቸው ነበር፤ በኋላ መንግሥታቸው ሒሳቡን ሲያወጣ ወጪው ወደ 162 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ተገኘ። አጠገባችን የቆሙ አንዲት እናት ግን ተቆጡ። ንግሥቲቱ በ1957 ዓ.ም. አገራችንን ሲጎበኙ በልጅነታቸው መንገድ ዳር ቆመው አይተዋቸዋል። "ሰባ ዓመት ያገለገለች ሴት ዝም ብላ ትጣል ወይ?" አሉ።

እኛ በዚህ ክርክር ከእናታችን ጋር ነበርን፤ አሁንም ነን። ዘፍጥረት 50ን ያነበበ ሰው የያዕቆብን ቀብር ያስታውሳል። ግብፃውያን ሰባ ቀን አለቀሱለት፤ ሠረገላና ፈረሰኛ እስከ ከነዓን አጀበው፤ የአገሩ ሰዎች በለቅሶው ብዛት ተደንቀው የቦታውን ስም እስከ መለወጥ ደረሱ። መጽሐፍ ቅዱስ ያንን አጀብ አይነቅፍም። እንዲያውም ያለ ክብር መቀበርን እንደ ፍርድ ይቆጥረዋል፤ ኤርምያስ በምዕራፍ 22 ለንጉሥ ኢዮአቄም የተናገረው የአህያ አቀባበር ለዚህ ማስረጃ ነው። ሽቱውስ? በቢታንያ የፈሰሰው ሽቱ ተሽጦ ለድሆች ይሰጥ ነበር የሚለው ክርክር ከዛሬው ጋር አንድ ነው፤ ጌታ ግን የሴቲቱን ሥራ ለቀብሩ ዝግጅት አድርጎ ተቀበለው። ጠያቂውን ሁሉ ይሁዳ ማለት ግን አይገባም። ማቴዎስ የሚነግረን ደቀ መዛሙርቱ እንደተቆጡ ነው፤ ለድሃ የሚቆረቆር ልብ ስለነበራቸውም ይሆናል። ያንን ወጣት ያን ዕለት በአንድ ጥቅስ ዝም ስላሰኘነው አሁን ይቆጨናል።

ከሁሉ የበለጠ ልባችንን የነካው ሰልፉ ነው። የወታደሩን ማለታችን አይደለም። በአማርኛችን ሁለቱም ሰልፍ ይባላል፤ እኛ የምንለው ሕዝቡ የቆመውን ነው። አስከሬናቸው በዌስትሚንስተር አዳራሽ ባረፈባቸው ቀናት ወደ 250 ሺህ የሚሆን ሰው በቴምዝ ወንዝ ዳር ተሰልፎ ሊሰናበታቸው መጣ። ለንደን የምትኖር አንዲት እህታችን ደውላ፣ ዐሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ቆማ፣ ከፊቷ ሐኪም ከኋላዋ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነው፣ የያዙትን ተካፍለው እንደበሉ ነገረችን። ዝነኛው እግር ኳስ ተጫዋች ዴቪድ ቤካምም እንደ ማንኛውም ሰው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ተሰልፎ ገባ። ሁለት የታወቁ የቴሌቪዥን ሰዎች ግን ሰልፍ ሳይዙ ገቡ ተብለው የአገሩ ሰው ተቆጣቸው፤ እነርሱ ለሥራ ነው የገባነው አሉ፤ ሰሚ አላገኙም። የፓርላማ አባላትም እንግዶቻቸውን ይዘው ሳይሰለፉ መግባታቸው አስወቀሳቸው። አንዳንዱ ይህን የፈረንጅ ግትርነት ብሎ ሳቀበት። እኛ ግን ቁጣው ትክክል ነበር እንላለን። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው ወንበር አምጥተን ድሃውን እዚያ ቁም ስንል ፈራጆች ሆናችሁ ይለናል። ሬሳ ፊት ለመቆም እንኳ ማዕረግ የሚጠይቅ ሰው ሞትን ገና አላወቀውም።

ማን የወታደር ልብስ ይልበስ፣ ማን አይልበስ፣ የዘጠኝና የሰባት ዓመት ልጆች ከሬሳ ሣጥን ኋላ ይሂዱ ወይስ አይሂዱ በሚለውም ብዙ ተባለ። የልጆቹ ነገር ቁም ነገር አለው፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

የቀብሩ ዕለት ሣጥኑን የተሸከመውን የመድፍ ጋሪ የጎተቱት 142 የባሕር ኃይል ሰዎች ናቸው። ልማዱ የመጣው በ1901 እ.ኤ.አ. በንግሥት ቪክቶሪያ ቀብር ነው። ፈረሶቹ አላስኬድ ሲሉ መርከበኞች ገመዱን ተቀብለው ጎተቱ፤ በአደጋ የተጀመረው ሥርዓት ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ ዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት፣ ሣጥኑ ከመውረዱ በፊት ዘውዱ፣ በትረ መንግሥቱና ሉሉ አንድ በአንድ ተነሥተው መሠዊያው ላይ ተቀመጡ። በሰባት ዓመት የሥነ መለኮት ትምህርት ስለ ሞት ብዙ ጽፈናል፤ ያችን ደቂቃ የሚያህል ግን አልጻፍንም።

ዊንዘር ካልን ልዑል ዓለማየሁን ሳናነሣ አናልፍም። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ከመቅደላ ተወስዶ፣ በ1879 እ.ኤ.አ. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ፣ እዚያው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ያስቀመጡለት ጽሑፍ ከማቴዎስ 25፥35 የተወሰደ ነው፤ እንግዳ ስለ መቀበል የሚናገረው ቃል። አፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ሲቀርብ ቤተ መንግሥቱ በ2023 እ.ኤ.አ. በአካባቢው ያረፉትን ሌሎች ሳንረብሽ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። የዓለም መሪዎች በንግሥቲቱ ቀብር ሲሰበሰቡ ይህ የእኛ ልጅ እዚያው አጠገባቸው ነበር። ስንቱ አስታወሰው?

የራሳችን ንጉሥስ? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ ከተባለ በኋላ አስከሬናቸው በቤተ መንግሥት ግቢ ያለ ክብር ተቀብሮ ቆየ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፉት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ የጊዜው መንግሥትም መንግሥታዊ የቀብር ሥርዓት አልፈቀደም። ያን ጊዜም ሕዝቡ ተከፋፍሎ ነበር፤ አንዱ ለአገር የሠሩትን ሲቆጥር ሌላው የወሎን ረሃብ ያነሣ ነበር። በንጉሡ ዘመን ስለ ወንጌል የታሰሩ አንድ አባታችን ጠዋት ሱፋቸውን ለብሰው ሲወጡ አገኘናቸውና ወዴት ነው አልናቸው። "ንጉሤን ልቀብር ነዋ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

እንግዲህ ወደ ደጃፋችን እንመለስ። ከንግሥቲቱ ቀብር ዝግጅት ብዙዎች ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ። ዕለቱ የሥራ በዓል ሆኖ ስለታወጀ በዚያ ቀን ሊፈጸሙ የታሰቡ የተራ ሰዎች ቀብሮች ወደ ሌላ ቀን ተዛወሩ። ቤተሰቦቹ አዘኑ፤ የሐኪም ቀጠሮ የነበራቸውም ተመለሱ። ይህን ስንሰማ ያኔ ከንፈራችንን መጠጥን።

ባለፈው ወር በአንድ ቀን ሁለት ሰው ሞተብን። አንዱ የታወቁ ነጋዴ፣ ለሕንፃ ሥራው ብዙ የሰጡ ሽማግሌያችን ናቸው። ሁለተኛዋ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ድንች ትሸጥ የነበረች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን የምትጠርግ እናት ናት። የሽማግሌው ቀብር ለ9 ሰዓት ተቀጠረ። ማን ይጸልያል፣ የሕይወት ታሪካቸውን ማን ያነባል፣ የእንግዶች መኪና የት ይቆማል፣ ከሣጥኑ ኋላ ማን ይቀድማል በሚለው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰበሰብን። የእናቲቱን ወደ ጠዋት 3 ሰዓት አዛወርነው፤ እንዳይጋጭ ብለን። ድንኳኑን የጣለው የሰፈሯ ዕድር ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሄድነው ስድስት ሰዎች ነን። መዘምራኑ ለከሰዓቱ ይለማመዱ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ልጇ ጠጋ ብሎ፣ "ፓስተር፣ ኳየሩ ዘግይቶ ነው?" አለን። መንገዱ ተጨናንቆ ይሆናል አልነው። ዋሸን።

አባቶቻችን ጴንጤ ተብለው ከዕድር ተባርረው፣ ለሙታናቸው አንድ ክንድ መሬት አጥተው ሬሳ ይዘው የተንከራተቱ ናቸው። የእነርሱ ልጆች ዛሬ መቃብር ላይ ደረጃ እንሠራለን። ሉቃስ 16ን ስንት ጊዜ ሰብከናል? ሀብታሙ ሞቶ እንደተቀበረ ይናገራል፤ ስለ አልዓዛር ቀብር ግን አንድ ቃል የለም፤ መላእክት ወሰዱት ብቻ ይላል። ምናልባት የቀበረው ሰው ስላልነበረ ይሆናል። ይህን ማብራሪያ በመድረክ ስንናገር ሰው አሜን ይለን ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሽማግሌዎች ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀረብን። ለማንኛውም አባል ቀብር አንድ ዓይነት ሥርዓት ይሁን፤ መዘምራን ለአንዱ ከሄዱ ለሁሉም ይሂዱ፤ ቀብር ቢደራረብ በሞት የቀደመው ሰዓቱን ይምረጥ አልን። ሦስቱ ተስማሙ። አንድ የምናከብራቸው ወንድም ግን ሮሜ 13፥7ን ገልጠው ክብር ለሚገባው ክብር መስጠት ታዟል አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም፤ እኛው ራሳችን ስለ ያዕቆብ ሠረገላ የጻፍነውን ነው የመለሱልን። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

የእናቲቱ ልጅ ባለፈው እሁድ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። አምልኮው ሳያልቅ ወጣ። በዚህ ሳምንት ቤቱ ልንሄድ ነው፤ ስለ ኳየሩ እውነቱን ልንነግረው። ጸልዩልን።