ውሃውን በምን አወጣችሁት?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኬሚካል ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ያገባናል ባይ ነኝ።

ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። እኛ እንዲህ ያለ ዜና ስንለማመድ የምንጠይቀው ስንት ሊትር ተመረተ፣ ስንት ዶላር ዳነ የሚለውን ነው። ውሃው በምን ወጣ? የሚል ጥያቄ ግን እስካሁን ከማናችንም አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ጎብዬ አረቄ የሚያወጡ እናቶች አንዴ የወጣውን መልሰው ያወጡትና ዳግም ይሉታል፤ ይበረታል። ነገር ግን መቶ ጊዜ ቢደጋግሙት፣ በፋብሪካ ማጣሪያ እንኳ ቢሆን፣ በተለመደው የአየር ግፊት በክብደት ከ95.6 በመቶ አያልፍም። እዚያ ሲደርስ አልኮሉና ውሃው ተያይዘው በ78.2 ዲግሪ ይተናሉ። ኬሚስቶች አዚዮትሮፕ ይሉታል። ለነዳጅ ደግሞ ይህችው የቀረች ውሃ ጠንቅ ናት፤ አልኮሉን ይዛ ከቤንዚኑ ትለይና ታንከር ሥር ትተኛለች።

ስለዚህ ሦስተኛ ወገን ይገባል። ኤትሊን ግላይኮል ሲጨመር ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ ደረቁ አልኮል በላይ ይወጣል። ግላይኮሉ የሚፈላው በ197 ዲግሪ ስለሆነ በሌላ ማጣሪያ ከውሃው ተለይቶ እንደገና ይሠራበታል። ጥሩ ነው፤ ግን ሰው ቢጠጣው መርዝ ነው። ግሊሰሪን ይሻላል እንዳንል፣ መርዝነት ባይኖረውም ወፍራም ነው፤ የሚፈላውም 290 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ሙቀት ይበላል። ቤንዜን (ቤንዚን አላልኩም! በአንዲት ፊደል ስህተት ስንቱን ልናስደነግጥ እንችላለን) ደግሞ በሌላ ስልት፣ ውሃውን ይዞ በመትነን፣ እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ አገልግሏል። የደም ካንሰር እንደሚያመጣ ሲታወቅ በብዙ ቦታ ሳይክሎሄክሴን ተተካ። አሁን አሁን እንዲያውም ብዙ ፋብሪካዎች ፈሳሽ ሳይጨምሩ ውሃውን በሚመጥ ጠጣር ወንፊት ያሳልፉታል።

ታዲያ ይሄ የኬሚስቶች ጉዳይ ብቻ ነው? በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነገር ነው፣ ሠራተኛ የሚተነፍሰው ነገር ነው። የተጨመረውም ሁሉ ተመልሶ አይገኝም፤ ጥቂቱ ሁልጊዜ ይጎድላል። የጎደለው ወይ አየር ላይ፣ ወይ ፍሳሽ ውስጥ፣ ወይ አልኮሉ ውስጥ ነው። እኔ ፋብሪካ ለዘገባ ብላክ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ምን ትጨምራላችሁ? በዓመት ስንቱ ይጎድላል? የጎደለውስ የት ገባ?