መቶኛው የትምህርት ቀን

ገናና ጥምቀቱ አለፈ፣ ብርዱ ግን እንዳለ ነው። ከኪንደርጋርተን እስከ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ ሰዎች በዚህ ሰሞን ቦርሳውን ደህና አድርጋችሁ ፈትሹ። 100 የሚል ቁጥር በትልቁ የተጻፈባት ወረቀት ልትኖር ትችላለች።

ይቺ ወረቀት ሰው ታስደነግጣለች። እኛ ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት እናት አምና ይዛት መጥታ «ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ መቶ ዶላር አምጪ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም» አለችኝ። ደሞዝ ሊወጣ ገና አራት ቀን ይቀራል። ተቀብዬ ሳነበው ዶላር የሚል ነገር የለበትም። ልጁ ከቤቱ መቶ ፍሬ ነገር ቆጥሮ ይዞ ይምጣ ነው የሚለው። «መቶ ምን?» አለች። ያገኘሽውን፣ ሽምብራም ቢሆን አልኳት። ሳቅንና ወደ ሥራችን ተመለስን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ በብዙ ትምህርት ቤቶች ትንንሾቹ ልጆች ትምህርት ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ቀን ይቆጥራሉ። ጠዋት ጠዋት አንድ ስትሮ ወይም አንድ የአይስክሬም እንጨት ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ ኪስ ይጨምራሉ። አስር ሲሞላ በላስቲክ ይታሰርና ወደ አስር ቤት ይዛወራል። እስሩ ራሱ አስር ሲሆን ሁሉም አንድ ላይ ታስሮ መቶ ቤት ይገባል። የሚከበረው ያ ቀን ነው። አንድ ቤት፣ አስር ቤት፣ መቶ ቤት እያልን እኛ በጥቁር ሰሌዳ የተማርነውን እነሱ በእጃቸው ይዘው ያዩታል፤ እኔ በጣም ነው የወደድኩት። ኦገስት አጋማሽ የሚከፍቱት ጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ ይደርሳሉ፣ ከሌበር ዴይ በኋላ የሚከፍቱት ደግሞ ፌብሩዋሪ አጋማሽ አካባቢ። በረዶ ጥሎ ትምህርት የተዘጋበት ቀን ስለማይቆጠር ቀኑ ሊገፋ ይችላል። ልጃችሁ ለገና ቀርቶ ከሆነም አትጨነቁ፤ የሚቆጠረው የክፍሉ ቀን እንጂ የእሱ አይደለም።

አሁን ወደምፈልገው ልግባ። ብዙዎቻችን የልጅ የቤት ሥራ ሲመጣ ቶሎ እጅ እንሰጣለን። «የእኔ እንግሊዝኛ አይረዳህም፣ እህትህን ጠይቅ» እንላለን። ልጁም ማንም ሳይነግረው፣ የትምህርት ነገር እናትና አባቴን አይመለከታቸውም ብሎ ያድጋል። ይቺ የቤት ሥራ ግን እንግሊዝኛ አትጠይቅም። መምህሯ የምታየው መቶ መሙላቱን ነው፤ በምን ቋንቋ እንደተቆጠረ ማን ይጠይቃል? ስለዚህ በአማርኛ ቁጠሩ።

ደግሞም የአማርኛ ቁጥር ለልጅ የተመቸ ነው። በእንግሊዝኛ ፊፍቲንና ፊፍቲ ጆሮ ላይ ይምታታሉ። ልጅ ብቻ አይደለም፣ እኔም በስልክ ትእዛዝ ስቀበል ሁለቴ ሳልጠይቅ አልጽፍም፤ የአስራ አምስት ሰው ወጥና የሃምሳ ሰው ወጥ አንድ አይደለማ! አስራ አንድ ማለት አስርና አንድ ነው፤ ኢለቨን ከየት እንደመጣ ግን ለልጅ ማስረዳት ይቸግራል። አስሮቹንም ጮክ ብላችሁ በሏቸው። ሦስትና ሠላሳ፣ አራትና አርባ፣ አምስትና ሃምሳ፣ ስድስትና ስልሳ፣ ሰባትና ሰባ፣ ስምንትና ሰማንያ፣ ዘጠኝና ዘጠና ዘመዳሞች ናቸው። ከሁለት ጋር የማትመሳሰለው ሃያ ብቻ ናት። እኛ ጋ የሚመጡ ልጆች አብዛኞቹ እስከ አስር አሪፍ አድርገው ይቆጥራሉ፣ ከሃያ በኋላ ግን ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። አንድ ምሽት ሽምብራ ይዞ መቀመጥ እስከ መቶ ያደርሳቸዋል።

አዋዜ የምንሰጥባቸውን ትንንሽ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ኩባያዎች አስር ደርድሩ። ኩባያ ከሌለ የእንቁላል ካርቶን ይሆናል፤ አስራ ሁለት ጉድጓድ ስላለው ሁለቱን በመቀስ ቁረጡ። ልጁ በየኩባያው አስር ፍሬ ያድርግ፣ አንዱ በሞላ ቁጥር አብራችሁ «አስር! ሃያ! ሠላሳ!» በሉ። ከተሳሳተ አትቆጡት፤ ያንን ኩባያ ብቻ ገልብጦ እንደገና ይቁጠር። ከአንድ እስከ መቶ በአንድ ትንፋሽ ከሄደማ ስልሳዎቹ ላይ መጥፋቱ አይቀርም።

ልጆች፣ ይህ ደግሞ ለእናንተ ነው። መቶ ሽምብራ አንድ እፍኝ ውስጥ ይገባል። መቶ ፍሬ ቡና ከዚያም ያንሳል፣ ለሁለት ሲኒ ቢበቃ ነው። መቶ እንጀራስ? እሱን እኔን ጠይቁኝ፤ አንድ ሰው ብቻውን ብድግ የሚያደርገው አይደለም። ሁሉም መቶ ነው። መቶ ምስር ምን ያህል እንደሚሆን እናንተ ሞክሩና ንገሩኝ።

ቆሎ ለመላክ ያሰባችሁ ግን ቆም በሉ። ሱቅ የሚሸጠው ቆሎ ብዙ ጊዜ ኦቾሎኒ ይቀላቀልበታል፤ ኦቾሎኒ የማያስገቡ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ክፍል ውስጥም የሚያመው ልጅ ሊኖር ይችላል። ሰሊጥም ከ2023 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ዋና ዋና አለርጂ የሚያመጡ ምግቦች ውስጥ ተቆጥሯል። ቤት ውስጥ ታናሽ ካለ ፍሬው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ እንዳይገባ ዓይናችሁን አትንቀሉ። የምግብ ነገር ጨርሶ የማይፈቅዱም ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ያኔ ቆርኪ ወይም የልብስ ቁልፍ ይቆጠር።

አንዳንድ ቦታ ልጆቹ የመቶ ዓመት ሽማግሌ መስለው ይምጡ ይባላል። እዚህ ላይ እኔ ትንሽ ቅር ይለኛል። ጀርባ አጉብጦ እጅ እያንቀጠቀጡ በሽማግሌ መሳቅ እኛ ባደግንበት ቤት ያስቆጣ ነበር። ልጁን ግን ለብቻው አታስቀሩት። ወንዱን ጋቢ፣ ሴቷን ነጠላ አልብሷቸው፤ ከዘራው ይቅር፣ ትምህርት ቤት ዱላ አይወድም። ከመሄዱ በፊት አገር ቤት ደውላችሁ ለአያቱ በቪዲዮ አሳዩዋቸው። እሳቸው እንዴት እንደሚመርቁ ሰምቶ ጓደኞቹን «እደጉ፣ ተባረኩ» ቢል ከማጎንበስ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሐበሻ ሱቅ የምታገኙት የግድግዳ ካላንደር ላይ የግዕዝ ቁጥር አለ። ልጁ እስከ ፴ ከዚያ ይልቀም፣ ቀሪውን እናንተ ጻፉለት፦ ፵፣ ፶፣ ፷፣ ፸፣ ፹፣ ፺። መቶ ደግሞ ፻ ነው፣ አንድ ምልክት ብቻ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው ሌላው ልጅ አንድና ሁለት ዜሮ ሲደረድር የእናንተው በአንዷ ይጨርሳል። ክዳኑ ላይ በማርከር ይጻፋት። መምህሯ ምንድን ነች ብላ ስትጠይቅ ከክፍሉ መልሱን የሚያውቀው እሱ ነው።

ኩባያና ቆርኪ የቸገራችሁ እኛ ጋ ብቅ በሉ። ከምሳ ሰዓት በኋላ ሰው ስለማይበዛ ልጁ እዚያው ጠረጴዛ ላይ መቁጠር ይችላል። ሽምብራውን ግን ጥሬውን ነው የምሰጣችሁ፤ የተቆላውን ከሰጠኋችሁ መንገድ ላይ እየተበላ ቤት ሲደርስ ዘጠና ሁለት ይሆናል።