ከመቶው አሥር

በወር መጨረሻ ኪሱ የማይደርቅ ዕጩ መምህር ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! መበደር አያሳፍርም። ነገሩ ያለው ከማን ነው ላይ ነው።

ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ ከደብተርና ከብርድ ልብስ ሌላ ምን አለን? አራጣ አበዳሪው ግን «ፈርም» ብቻ ነው የሚለው። ከመቶ ብር በወር አሥር ብር ወለድ የተለመደ ዋጋው ነው። 1,000 ብር የወሰደ ሰው በየወሩ 100 ብር ሲገፈግፍ ዓመት ከርሞ 1,200 ብር ይከፍላል። ዋናው 1,000 ብር ግን ንቅንቅ አይልም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ያስቀጣል። ታዲያ አበዳሪው ለምን አይፈራም? ብልጠቱ ወረቀቱ ላይ ነዋ! 1,000 ሰጥቶ «2,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሬአለሁ» አሰኝቶ ያስፈርማል። ፍርድ ቤት ሲደረስ የገዛ ፊርማችን ይመሰክርብናል።

«በችግሬ ቀን የደረሰልኝ እሱ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ሐሰት አይደለም፤ ሌላ ደራሽ ስላላዘጋጀን ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የምደባው ጊዜ ነው። አዲስ መምህር ገጠር ወርዶ የመጀመሪያ ደመወዙ እስኪደርስ የቤት ኪራዩም ፍራሹም አይጠብቁትም። አራጣ በላውም የሚወዳጀው ያን ጊዜ ነው።

ዕቁብ ጥሩ ነው፤ ዕጣው ግን ለምኖ ካላስለቀቁት በስተቀር ችግር አይቶ አይወጣም። የቁጠባና ብድር ማኅበር ይሻላል። በወር 20 ብር እንኳ ከዛሬ ጀምረን ብናስቀምጥስ? መምህራኖቻችንስ ሒሳቡን ይቆጣጠሩልን ይሆን? መልሱን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንጠብቃለን።