የአርማና የፊደል ኩርባ በባለሙያ እጅ ይሳል!

በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ፣ በሌላ አቅጣጫም ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስዱት መንገዶች ዳር የተሰቀሉ ብዙ ሰሌዳዎች ቀረብ ብሎ ለሚያያቸው ያሳፍራሉ። የ«ቀ» ክብ ጎርበጥባጣ ነው፤ የ«መ» ሁለት ቀለበቶች አይመጣጠኑም፤ የመሥሪያ ቤቱ አርማ ጠርዙ የተሸረፈ ይመስላል። ጥፋቱ የቀለሙ ወይም የማተሚያ ማሽኑ አይደለም። መስመሩ ገና በኮምፒዩተር ሲሳል ተበላሽቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከአሠሪው ነው። መሥሪያ ቤቱ ባነር ሲያሠራ አርማውን በቴሌግራም ፎቶ አድርጎ ይልካል። ፎቶው ሲተልቅ ይደበዝዛል። ደንበኛ ቆሞ የሚጠብቀው ዲዛይነርም ቶሎ ለመጨረስ ፎቶውን በኢለስትሬተር ወይም በኮረል ድሮው «ትሬስ» ያደርገዋል። ሶፍትዌሩ የደበዘዘውን ጠርዝ እንደ እውነተኛ መስመር ቆጥሮ በየጥቂቱ ነጥብ እየተከለ ይከተለዋል። አራት ነጥብ የሚበቃው ክብ ደርዘን ነጥቦች ይሸከማል። ስቲከር የሚቆርጠው ማሽን ስለቱን የሚነዳው በዚሁ መስመር ላይ ስለሆነ ጉብጠቱ ሁሉ እንዳለ ወደ ሰሌዳው ይሻገራል።

ለስላሳ ኩርባ የሚሳልበት መንገድ ግን የታወቀ ነው። በሲትሮኤን ፖል ደ ካስቴልዦ፣ በሬኖ ፒየር ቤዚዬ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የመኪና አካልን ቅርጽ ለማስላት ያበጁት ስሌት ዛሬ የቬክተር (ቅርጽን በነጥብና በመስመር የሚስሉ) ሶፍትዌሮች ሁሉ መሠረት ነው። ኩርባውን የሚወስኑት ጥቂት ነጥቦችና ከየነጥቡ የሚወጡ እጀታዎች ናቸው። «ዐ»ን የሚስል ባለሙያ ነጥቦቹን ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ጫፎች ላይ ብቻ ያስቀምጣል። ከላይና ከታች ያሉት እጀታዎች አግድም ይዘረጋሉ፤ የግራና የቀኞቹ ወደ ላይና ወደ ታች ቀጥ ይላሉ። ለክብ ቅርጽ የእጀታው ርዝመት የሬዲየሱ 55 በመቶ ገደማ ነው። የአንድ ነጥብ ሁለት እጀታዎች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ካልዋሉ ኩርባው እዚያው ይሰበራል። ነጥብ ሲበዛ ሊሰበር የሚችልበት ቦታም አብሮ ይበዛል።

ፊደላችን ከዚህም በላይ ጥንቃቄ ይሻል። 33ቱ ፊደላት በሰባት እርከን 231 ቅርጾች ይሆናሉ። የኃምሱ ቀለበት በ«ሌ»፣ በ«ቤ» እና በ«ሴ» ላይ አንድ ዓይነት ካልሆነ ጽሑፉ ይዘበራረቃል። ቁም ጸሐፊው በብራና ላይ የመቃ ብርዑን ሲያዞር የመስመሩ ውፍረት ቀስ በቀስ ይለወጥ ነበር። በቬክተር ግን ውፍረቱ የሚገኘው በውጩና በውስጡ መስመር መካከል ካለው ርቀት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ኩርባዎች ለየብቻ ታስቦባቸው መሳል አለባቸው። የውፍረቱን አካሄድ ለመማር የሚፈልግ ዲዛይነር በእንጦጦና በሌሎች አድባራት ያሉትን የብራና መጻሕፍት አስተውሎ ይመልከት።

በጥንቃቄ መሳል የሚያስገኘው ፍሬም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የወጣውን «ኒያላ» የተሰኘ ፎንት ለማይክሮሶፍት የሠራው መቀመጫውን ካናዳ ያደረገው የታይሮ ታይፕዎርክስ ባለሙያ ጆን ሀድሰን ነው። ባሕር ማዶ ያለ ባለሙያ ለመላው ፊደላችን ይህን ያህል ከደከመ፣ የእኛ መሥሪያ ቤቶች ለአንድ አርማና ለጥቂት ቃላት መድከም አይከብዳቸውም።

ጊዜና ገንዘብ የለም የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። በየሱቁ በጥድፊያ ለሚሠራው ወጣት ይህ እውነት ነው፤ እሱንም አንወቅስም። ለመሥሪያ ቤቱ ግን አይሆንም። አርማ አንዴ በወጉ ከተሳለ ለዓመታት ያገለግላል። በየባነሩ እንደገና ትሬስ ማድረግ ግን ለዚያው ሥራ ደጋግሞ ከፍሎ ደጋግሞ ማበላሸት ነው።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። የየካ ክፍለ ከተማ አስተዳደርና ወረዳዎቹ አርማቸውንና የስማቸውን ጽሑፍ በባለሙያ በቬክተር ያስሉ። ዋናውን ፋይል በኤስቪጂና በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፤ ለሚያትምላቸው ሁሉ ያለ ደጅ ጥናት ይስጡ። የዲዛይን ውል ሲዋዋሉ የቬክተሩን ዋና ፋይል መረከብ የክፍያ ቅድመ ሁኔታ ያድርጉት፤ ሲረከቡም ነጥቦቹን አጉልቶ የሚያይ ሰው ይመድቡ። በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እና አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተባብረው ለሰሌዳና ለኅትመት ሠራተኞች የአጭር ጊዜ ሥልጠና ይስጡ። ኢንክስኬፕ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር በመሆኑ የፈቃድ ክፍያ ሰበብ ሊሆን አይችልም።

መንግሥት ለሕዝብ የሚጽፈው በፊደል ነው። ያንን ፊደል አጥርቶ መጻፍ ከአገልግሎቱ አንዱ ክፍል ነውና የትሬስ ልማድ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰሌዳ ላይ ሊነሣ ይገባል!